ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ሰባት ሰው ከነጓዙ ይይዛል ማለት አይደለም

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በአፉላ መሀል ከተማ፣ ጋሪኒም እየበሉ በአግዳሚ ወንበር ላይ በሚጨዋወቱ ሰዎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሳ ነው። ልጆቻችን አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው «ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ላይ የሚይዝ ትልቅ ጂፕ እንግዛ» ይላሉ። ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው፣ ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ማለታቸው ነው። እኛም ደስ ይለናል። ከጡረታችን ቆጥበን የምናዋጣም አለን፤ ለብድሩ ዋስ ሆነን የምንፈርምም አለን።

ከዚያ መኪናው ይመጣል። በመጀመሪያው ጉዞ ሰባታችን እንገባለን፣ በሩ ይዘጋል። የእማማ ተሽከርካሪ ወንበር ግን ውጭ ይቀራል። የኋላው በር ቢከፈት የሚታየው ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር በስተጀርባ የቀረች ጠባብ ቦታ ብቻ ናት። «እማማ፣ ዛሬ ወንበሩን እንተወው፣ እኛ ደግፈን እንወስድዎታለን» ይባላል። እማማም «እኔ ልቅር፣ እናንተ ሂዱ» ይላሉ። ቤተሰቡን አንድ ላይ ለማድረግ የተገዛ መኪና አንድ ሰው ቤት ያስቀራል።

ይህ እንዳይደርስ መኪናው ከመገዛቱ በፊት ማወቅ የሚገባን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቦታው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ክብደቱስ ምን ያህል ይችላል የሚለው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ቦታ እያለ ክብደቱ ሊሞላ ይችላል፤ ክብደት እያለም ቦታው ሊያልቅ ይችላል። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት።

ቦታው፦ ሊትር ሲባል ምን ማለት ነው?

የመኪና ሻጭ የባጋዡን ስፋት የሚናገረው በሊትር ነው። ሊትር ስንል ውሃ፣ ዘይትና ወተት ይታወሰናል። እዚህም ልኩ ያው ነው። በአውሮፓ በተለመደው የአለካክ ዘዴ ባጋዡን በትንንሽ ሣጥኖች ይሞሉታል። አንዱ ሣጥን 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ይህም ልክ 1 ሊትር ይሆናል። ስንት ሣጥን እንደገባ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ የባጋዡ ሊትር ይባላል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው መኪና አንድ ሳይሆን ሦስት የሊትር ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ሦስቱም ረድፍ ተነስቶ፣ ሰባት ሰው ተቀምጦ የሚቀረው ቦታ ነው። ሁለተኛው ሦስተኛው ረድፍ ተጣጥፎ፣ አምስት ሰው ሲቀመጥ ያለው ነው። ሦስተኛው ሁለቱም የኋላ ረድፎች ተጣጥፈው፣ ከፊት ሁለት ሰው ብቻ ሲቀመጥ ያለው ነው። በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቁጥር ነው። ሰባት ሆነን ስንሄድ ግን የእኛ ቁጥር የመጀመሪያው ነው። ያኔ ትልቁ ቁጥር ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

ምሳሌ እንስጥ። በ2020 የወጣው ኪያ ሶሬንቶ፣ ባለ ሰባት ወንበሩ፣ አምስት ሰው ሲቀመጥበት 821 ሊትር ገደማ የዕቃ ቦታ አለው። ሰባት ሰው ሲቀመጥበት ግን የሚቀረው በናፍጣው 187 ሊትር ነው፤ በሃይብሪዱ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ያንሳል። የመጀመሪያው ስኮዳ ኮዲያክ ሰባት ሰው ሲይዝ 270 ሊትር ነበረው፤ በ2024 የመጣው አዲሱ 340 ሊትር አለው። ዳቺያ ጆገር የሚባለው ዝቅ ያለ ዋጋ ያለው ባለ ሰባት ወንበር መኪና ደግሞ 160 ሊትር ነው። ሁሉም «ሰባት ሰው ይይዛል» ተብለው ይሸጣሉ። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከእጥፍ በላይ ነው።

ይህንን ወደምናውቀው ዕቃ እንመልሰው። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምንይዘው ትልቅ ሻንጣ 76 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 50 ስፋትና 30 ውፍረት ቢኖረው፣ ስናባዛው 114 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ 187 ሊትር ባለው ቦታ በሒሳብ አንድ ሻንጣ ይገባል፤ ሁለተኛው አይገባም። አንዱም ቢሆን ቆሞ ወይም ተጋድሞ መግባቱ በቦታው ቅርጽ ይወሰናል። ሊትሩ ስለ ቅርጹ አይነግረንም። ሣጥኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ በየማዕዘኑ ይገባሉ፤ ሻንጣና ድስት ግን እንደዚያ አይታጠፉም።

ስለዚህ ከሊትሩ ጋር ሦስት ልኮችን በሜትር ብንወስድ ይሻላል። የመጀመሪያው ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ እስከ ኋላ በር ድረስ ያለው ጥልቀት ነው። ሁለተኛው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ነው። ሦስተኛው ከወለሉ እስከ መስታወቱ ግርጌ ያለው ከፍታ ነው። የእማማን ተሽከርካሪ ወንበር አጥፈን እነዚሁኑ ልኮች ብንወስድ፣ ይገባል አይገባም የሚለው ከሻጩ ንግግር በፊት በእጃችን ይሆናል። የታጠፈ ተሽከርካሪ ወንበር ብዙ ጊዜ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ውፍረት አለው፤ ክብደቱም ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው። የእግር ማሳረፊያዎቹ ከተነቀሉ ያጥራል።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። መኪናው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የቦታው መጠን በኪዩቢክ ጫማ ሊጻፍ ይችላል። አንድ ኪዩቢክ ጫማ ወደ 28 ሊትር ገደማ ነው። የአሜሪካው አለካክም ከአውሮፓው ስለሚለይ፣ ሁለት መኪኖችን ስናወዳድር ሁለቱም በአንድ ዓይነት ዘዴ የተለኩ መሆናቸውን እንጠይቅ።

መካከለኛው ረድፍ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ፣ በመሸጫው ውስጥ ወደፊት ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሦስተኛው ረድፍ ሰፊ ይመስላል። ለጉልበታችን እንዲመቸን ወደኋላ ስናንሸራትተው ግን ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል።

ክብደቱ፦ መኪናው ስንት ኩንታል ይችላል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንምጣ። በአገር ቤት አህያ የጫነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። አህያዋ ላይ ቦታ አለ ተብሎ ጭነት አይጨመርም። ጀርባዋ የሚችለው ልክ አለው። የመኪናም እንዲሁ ነው። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ሞላውና ሞተሩ የተሠሩት ለተወሰነ ክብደት ነው።

ይህ ክብደት የተሰወረ አይደለም። በመኪናው ሪሽዮን ላይ «ሚሽካል ኮሌል» የሚል አለ። ትርጉሙ መኪናው ከሰዎቹ፣ ከዕቃውና ከነዳጁ ጋር ተደምሮ ሊኖረው የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ነው። «ሚሽካል ዓፅሚ» የሚባለው ደግሞ የመኪናው የራሱ፣ የባዶው ክብደት ነው። ከትልቁ ትንሹን ስንቀንስ መጫን የምንችለው ይወጣል። ለምሳሌ ጠቅላላው 2,500 ኪሎ፣ ባዶው 1,900 ኪሎ ቢሆን፣ የሚቀረን 600 ኪሎ ነው። ስድስት ኩንታል ማለት ነው። በአውሮፓ መዝገቦች ባዶ በሚባለው ክብደት ውስጥ 75 ኪሎ ለሾፌሩ አስቀድሞ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሻጩን «ሾፌሩ ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ስድስት ኩንታል ብዙ ይመስላል። እስቲ እንቁጠረው። አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። አያት 75 ኪሎ፣ ሴት አያት 70 ኪሎ፣ ልጃቸው 85 ኪሎ፣ ሚስቱ 65 ኪሎ፣ ሦስቱ ልጆች 55፣ 40 እና 30 ኪሎ ናቸው እንበል። ድምሩ 420 ኪሎ ነው። ከ600 ላይ የሚቀረው 180 ኪሎ ሆነ።

አሁን ዕቃውን እንጫን። ተሽከርካሪ ወንበሩ 17 ኪሎ። አንድ ከረጢት የጤፍ ዱቄት 25 ኪሎ። ስድስት ጠርሙስ የያዘ የውሃ እሽግ፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ ሊትር ተኩል ከሆነ 9 ኪሎ ነው፤ ሁለት እሽግ 18 ኪሎ። ድስትና ምግብ 20 ኪሎ። ሁለት ሻንጣ፣ በአየር መንገድ ልክ 23 ኪሎ እያንዳንዱ፣ 46 ኪሎ። ድምሩ 126 ኪሎ። የሚቀረን 54 ኪሎ ብቻ ነው። ልጆቹ አድገው ሰባቱም አዋቂ ቢሆኑ፣ እያንዳንዳቸውም 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ሰዎቹ ብቻ 560 ኪሎ ይሆናሉ። ያኔ ለዕቃ የሚቀረው 40 ኪሎ ነው፤ ይኸውም አንድ ሻንጣና አንድ ተሽከርካሪ ወንበር። ዛሬ ትንንሽ የሆኑት የልጅ ልጆቻችን መኪናው ሳያረጅ እንደሚያድጉ አንርሳ።

ሪሽዮኑ የሚፈቅደው የሰው ቁጥርም አለ። ሰባት ከተባለ ሰባት ነው። «ትንሹ ልጅ በጭን ይያዝ» የሚለው የድሮ ልማድ እዚህ አይሠራም፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ ለልጁም አደጋ ነው። በግጭት ጊዜ የእናት ክንድ ቢጠነክርም ልጁን ሊይዘው አይችልም።

ከመጠን በላይ ሲጫን ምን ይሆናል?

መኪናው ወዲያው አይቆምም፤ ይሄዳል። የሚያሳስተንም ይኸው ነው። ጉዳቱ የሚታየው በሚያስፈልገን ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ፍሬኑ ነው። የከበደ መኪና ለመቆም ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል አቅሙ ይደክማል። ከጊቫት ሃሞሬ ወደ መሀል ከተማ የሚወርድ ሰው ይህንን በትንሹ ያውቀዋል። በረዥም ቁልቁለት ላይ እግርን ዘወትር በፍሬን ላይ ከማድረግ ይልቅ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ጉልበት መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛው ጎማው ነው። ጭነት የበዛበትና አየሩ ያነሰ ጎማ ይሞቃል፤ በበጋ የሸለቆው ሙቀት ሲጨመርበት ሊፈነዳ ይችላል። የሾፌሩን በር ስንከፍት በበሩ ጠርዝ ወይም በምሰሶው ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ እናገኛለን። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት የአየር ልክ ተጽፎበታል፤ አንዱ ለጥቂት ሰው፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት። ሰባት ሆነን ከመሄዳችን በፊት ጎማው ሳይሞቅ በሁለተኛው ልክ ማስሞላት ያስፈልጋል። ይህ በማደያ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ሚዛኑ ነው። ሦስተኛው ረድፍና ባጋዡ የሚያርፉት በኋላው ጎማ ላይና ከእሱም በስተኋላ ነው። እዚያ ብዙ ክብደት ሲከማች መኪናው ከኋላ ይቀመጣል፣ ከፊት ይነሳል። መሪው ይቀላል፣ የፊት ጎማ መሬቱን በደንብ አይዝም። በሌሊትም መብራቱ ወደላይ ይወጣና ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል።

አራተኛው የሞተሩ ነው። ለሲግድ ከአፉላ ወደ ኢየሩሳሌም ስንወጣ መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ71 ቁጥር መንገድ ወደ ቤት ሼአን፣ ከዚያም በ90 ቁጥር በዮርዳኖስ ሸለቆ የሚሄድ ሰው ከባሕር ጠለል በታች ወርዶ፣ ከዚያ በ1 ቁጥር መንገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጎተታል። በ65 እና በ6 ቁጥር መንገድ የሄደም ቢሆን የመጨረሻውን የሻዓር ሃጋይ ዳገት አያመልጥም። ሙሉ ጭነት፣ ማቀዝቀዣውም እየሠራ፣ ሞተሩ ይደክማል፣ ነዳጁም ይበላል። የሙቀት መለኪያውን እያዩ፣ ሳይቻኮሉ በቀኙ መስመር መውጣት ነው።

አጫጫኑ

እዚህ ላይ የእኛ አባቶች የሚያስተምሩት አለ። በቅሎ ወይም አህያ ሲጫን ግራና ቀኙ እኩል ይደረጋል፣ ከባዱ ዝቅ ይላል፣ ገመዱ ይጠብቃል። ያዘነበለ ጭነት እንስሳዋን ይመልጣታል፣ በገደል ላይም ይጥላታል። በመኪናም ያው ነው።

ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ወደ ወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ። ውሃና ዱቄት ከሥር፣ ጋቢና ልብስ ከላይ። ግራና ቀኙ ይመጣጠን። ከወንበሩ ጀርባ ከፍታ በላይ አይከመር። ከተከመረ ግን ዕቃውን ከሰዎቹ የሚለይ ጠንካራ መረብ ይወጠር።

ለምን ቢባል፣ መኪናው ድንገት ሲቆም ዕቃው አይቆምም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ያልታሰረ ዕቃ ወደፊት የሚመታበት ኃይል ከክብደቱ 20 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የ9 ኪሎው የውሃ እሽግ 180 ኪሎ ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። የ17 ኪሎው ተሽከርካሪ ወንበር ከሦስት ኩንታል በላይ ይሆናል። በሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው፤ ባጋዡ ከራሳቸው ጀርባ ነው። ስለዚህ ተሽከርካሪ ወንበሩ በባጋዡ ወለል ላይ ባሉት ቀለበቶች በቀበቶ ይታሰር።

በጣራ ላይ ብንጭንስ?

ባጋዡ ሲሞላ ወደ ፖርቶ መጋላ እንመለከታለን። የአገር ቤት አውቶቡስ ጣራ ላይ ፍየልና ዶሮ፣ በርሜልና ፍራሽ ሲጫን አይተናል። የቤተሰብ ጂፕ ግን እንደዚያ አይደለም። በኪያ ሶሬንቶ ጣራው የሚችለው 100 ኪሎ ነው፤ በመጀመሪያው ኮዲያክ 75 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ የብረቱና የሣጥኑ ክብደት ይቆጠራል። ብረቱና ሣጥኑ 25 ኪሎ ቢሆኑ፣ 75 ኪሎ በሚችል ጣራ ላይ ለዕቃ የሚቀረው 50 ኪሎ ነው። ያም 50 ኪሎ ከጠቅላላው ክብደት ላይ ይቀነሳል እንጂ ተጨማሪ ስጦታ አይደለም። ቅድም ባሰብነው ቤተሰብ 54 ኪሎ ቀርቶ ነበር። ሣጥኑ 25፣ በውስጡ 50 ከተጫነ 75 ኪሎ ይሆናል፤ ልኩን በ21 ኪሎ አለፍን ማለት ነው።

በጣራ ላይ የሚጫነው ቀላልና ሰፊ ነገር ይሁን፤ ብርድ ልብስ፣ ልብስ፣ ባዶ ሻንጣ። ከባድ ነገር ከላይ ሲሆን መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይወዛወዛል። ወደ መሬት ውስጥ ማቆሚያ ስንገባም ከፍታው መጨመሩን አንርሳ፤ በመግቢያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ያሻል።

ተሳቢ መጎተት

አንዳንድ ልጆቻችን «ከኋላ ትንሽ ተሳቢ እናደርጋለን» ይላሉ። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ትልልቅ ድስት ለማመላለስ ይጠቅማል። ግን ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ መኪናው የሚጎትተው ልክ በስሙ ሳይሆን በሞተሩ ይለያያል። ያው ኪያ ሶሬንቶ በናፍጣ ሞተር ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 2,500 ኪሎ ይጎትታል፤ በሃይብሪዱ ግን 1,650 ኪሎ ነው። ጎረቤቴ ይጎትታል ብሎ የእኔም ይጎትታል ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ መኪናው ምንም ያህል ጉልበት ቢኖረው በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ መሆን የለበትም። ሁሉንም የሚያቆመው የመኪናው ፍሬን ብቻ ስለሆነ ነው። ሦስተኛ፣ የተሳቢው ምላስ መኪናው መንጠቆ ላይ ሲያርፍ የሚጫነው ክብደት አለ። እሱም እንደ ባጋዥ ዕቃ ከጭነታችን ላይ ይቆጠራል። ተሳቢው ከኋላው ከከበደ ደግሞ በመንገድ ላይ እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ ይችላል።

በተጨማሪም መንጠቆው የተፈቀደ መሆንና በሪሽዮኑ ላይ መመዝገብ አለበት። በመንጃ ፈቃዳችን ምን ያህል መጎተት እንደምንችልም ከሚስራድ ሃሪሹይ አስቀድመን እንጠይቅ።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ

እንግዲህ ልጆቻችን መኪና ሊያዩ ሲሄዱ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለን ቤት አንቅር። አብረን እንሂድ። ደግሞ ባዶ እጃችንን አንሂድ።

ተሽከርካሪ ወንበሩን ወይም ባለ ጎማ መደገፊያችንን፣ አንድ ትልቅ ሻንጣና የልጆቹን የደኅንነት መቀመጫ ይዘን እንሂድ። ሻጩን «ሦስቱንም ረድፍ አንሱልን» እንበለው። ከዚያ ዕቃውን እንጫንና የኋላውን በር እንዝጋ። ካልተዘጋ መልሱን አገኘን።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጥ። ለእኛ ለሽማግሌዎች ሦስተኛው ረድፍ ቦታ አይደለም። ለመግባት ጎንበስ ብሎ፣ መካከለኛውን ወንበር አጥፎ፣ እግርን ከፍ አድርጎ መሻገር ይጠይቃል። የሚታመም ጉልበትና ወገብ ይህን አይችልም። በመካከለኛው ረድፍ ላይ የልጅ መቀመጫ ከታሰረ ደግሞ መተላለፊያው ይዘጋል። ስለዚህ ማን የት እንደሚቀመጥ በዚያው ይወሰን። የወንበሩ ከፍታ ቁጭ ሲሉ ከዳሌ ጋር እኩል ቢሆን ለመግባትም ለመውጣትም ይመቻል፤ በጣም ከፍ ያለ ጂፕ ለሽማግሌ ዳገት ነው።

የባጋዡንም ወለል ከፍታ እንይ። ተሽከርካሪ ወንበሩን በየቀኑ የሚያነሳው ማን ነው? ከጉልበት በላይ፣ እስከ ወገብ ድረስ 17 ኪሎ ማንሳት ለአንዲት እናት ወይም ለሽማግሌ ባል ከባድ ነው። ትርፍ ጎማ አለው ወይ፣ ካለስ የት ነው ብለን እንጠይቅ። በብዙ ባለ ሰባት ወንበር መኪኖች ትርፍ ጎማ ቀርቶ የጎማ መጠገኛ ፈሳሽ ብቻ ይሰጣል። ትርፍ ጎማው ከባጋዡ ሥር ከሆነም በመንገድ ላይ ዕቃውን ሁሉ ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል።

በመጨረሻም የመኪናውን ርዝመት እንጠይቅ። ሶሬንቶ 4 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። በአፉላ መሀል ከተማ ባሉት ጠባብ ማቆሚያዎች ውስጥ ይህንን በየቀኑ ማስገባት የሚችለው ማን እንደሆነ ይታሰብ።

ሌላም መንገድ አለ

ሰባት ሰውም ብዙ ዕቃም አንድ ላይ ለመያዝ የሚሻለው ብዙ ጊዜ ጂፕ ሳይሆን ቫን ነው። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ በሩ ወደጎን ይንሸራተታል፣ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላም ሰፊ ቦታ ይተርፋል። በተራው የቢ መንጃ ፈቃድ ከሾፌሩ ሌላ እስከ 8 ሰው የሚይዝና ጠቅላላ ክብደቱ ከ3,500 ኪሎ የማይበልጥ መኪና መንዳት ይቻላል። እንደ ጂፕ አያምርም የሚል አለ፤ ግን እማማን ቤት አያስቀርም።

ደግሞ እንቁጠር። በዓመት ስንት ቀን ነው ሰባታችን ከነጓዛችን የምንሄደው? ለሲግድ፣ ለፋሲካ፣ ዘመድ ለመቀበል ወደ ቤን ጉርዮን፣ ምናልባት ለሠርግ። አምስት ወይም ስድስት ቀን ከሆነ፣ ለእነዚያ ቀናት ትልቅ መኪና መከራየት ወይም በሁለት መኪና መሄድ ይቻላል። ለሲግድ በአውቶቡስ የሚሄደውም ወገናችን ብዙ ነው። ለስድስት ቀን ብሎ ዓመቱን ሙሉ የትልቅ መኪና ዕዳ፣ ነዳጅና ኢንሹራንስ መክፈል ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በየሳምንቱ ሰባት ሆነን የምንሄድ ከሆነ ደግሞ ይገዛ፤ እሰየው። ግን ለልጆቻችን ሁለት ጥያቄ እንስጣቸው። «ሦስቱም ረድፍ ተነስቶ ባጋዡ ስንት ሊትር ይቀረዋል?» እና «በሪሽዮኑ ላይ ስንት ኪሎ ይጭናል?» ሻጩ ሁለቱን በቁጥር ካልመለሰ አይፈረም። ከመለሰ በኋላም ተሽከርካሪ ወንበሩ በባጋዡ ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ እማማም በወንበራቸው ተቀምጠው «ተመችቶኛል» ማለታቸው ይሰማ። ዋስ የምንፈርመውም፣ ከጡረታችን የምናዋጣውም ከዚያ በኋላ ይሁን።

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።